ነጠላ

ነጠላ ዜማ ነው፤ ነጠላ ነው ስሙ፣
ጥለት አልጎበኘው፣ አልገባም ቀለሙ።
ሁለት ደቂቃ ነው፣ ከአሥራ አንድ ሰከንድ፤
ሲጀምር እንደ ጠብ፣ ሲያልቅ እንደ ተበጠሰ ገመድ።

የቀዳነው ሰኞ ገበያ፣ ከአስናቀ ብየዳ ቤት፣
መብራት ሲሄድ፣ ሲመጣ፣ ደግሞ ሲሄድ ባደረበት ሌሊት።
ግድግዳውን በፍራሽ አልብሰን፣ በሩን በጆንያ ደፍነን፣
ጎረቤት የወረወረው ድንጋይ ጣሪያው ላይ "ቋ!" ሲል
አላጠፋነውም፤ አርባኛው ሰከንድ ላይ አለ።
የባንዱም ስም ከዚያው ወጣ፦ ቆርቆሮ።

ሩቂያ መድኃኒት ቤት ቆማ የምትውለውን
ማታ ማይክ ላይ ትጮኸዋለች። ግጥሙ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም፦
"በቀን ሦስቴ! ከምግብ በኋላ!
በቀን ሦስቴ! ከምግብ በኋላ!
ምግቡስ?"

"አምባሰል ከደጃችሁ፣ ባቲ ከታች እያለላችሁ
ይሄ ደግሞ የምን ቅኝት ነው?" ይሉናል።
እኔ እንጃ።
ሙሄን ጠይቁት። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ
ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ሠርቶ ነው የወጣው፤
ድራም ሲመታ ከእጁ በፊት ትከሻው ይሄዳል፣
ዓይኑ የሆነ ነገር እንዳይበጠስ ይጠብቃል።

ዓርብ ማታ በሦስት ሰዓት ይለቀቃል ብለን
በየምሰሶው ለጥፈን፣ ላወቅነው ሁሉ ለፍፈን፣
ኔትወርኩ እንደ ጦሳ ጉም ወርዶ ከተማው ላይ ተኛ።
ዘጠና አራት በመቶ ደረሰ። ቆመ።
ሩቂያ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ
ፒያሳን ሁለቴ ዞረች።
ዘጠና አራት።
ሲነጋም ዘጠና አራት።

ታች መስመር አለ ሲሉኝ፣ ቅዳሜ በጠዋቱ
ፍላሹን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ገባሁ።
አጠገቤ አንድ ሰው የመስኮት መስታወት
በሁለት ጉልበቱ መሀል አቁሞ ይዟል።
ሾፌሩ ከጋቢና ዞሮ "ሙዚቃ ያለው?" አለ።
ካልሲዬን አወለቅሁ።

ሐረጎን እየወረድን ነው። ፍሬን ሸራው ይሸታል፤
በየኩርባው ሙቀቱ አንድ አንድ ልብስ ያስወልቀናል።
"ምን ሆና ነው? ማን ነካት ልጅቱን?" አሉ አንድ አባት።
ረዳቱ ድንጋዩን ሰምቶ አንገቱን አውጥቶ ጣሪያውን አየ።
"ዝጋልን እባክህ!" አለ ሌላው።

ከኋላ ወንበር፦
"አትዝጋው! ይሄኛው ይሰማኛል።"

እትዬ ፋንቱ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት
ከሽመና ማሽን ሥር ቆመው፣
ግራ ጆሯቸውን እዚያው ትተው በቀኙ ግማሽ ጡረታ ወጥተዋል።
"ሠርግ ቤት እንኳ የሰው አፍ ሲከፈት ነው የማየው" አሉ፤
ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራል፣
ድሩን ከማጉ፣ ድሩን ከማጉ፣
ድንገት ጣታቸው ቆመ።
"እዚህች ጋ ማጉ ተበጠሰ። ማን ነው ሠራተኛው?"

እዚያች ጋ ሙሄ አንዱ ዱላ ከእጁ አምልጦት ነበር።
አራታችን ብቻ ነበርን የምናውቀው።

ኩርባው ሳያልቅ ዘፈኑ አለቀ።
"በቃ?" አለ ሾፌሩ።
"በቃ።"
"ለዚህች ነው እንዴ ምሰሶ ሙሉ ወረቀት?"

"ስሙ ማን ይባላል?" አሉ እትዬ ፋንቱ።
ወንበር ላይ ተንበርክኬ በቀኝ ጆሯቸው
"ነጠላ!" ብዬ ጮህኩ።
"እሰይ፣ ተባረክ" ብለው
ከትከሻቸው የተንሸራተተውን ሰበሰቡ።

ሾፌሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣
ከመጀመሪያው አስነሣው።
ኮምቦልቻ ከታች፣ የፋብሪካው ጣሪያ ያብረቀርቃል፤
ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት፣
ድንጋዩ ገና ሳይወድቅ
ጎረቤቴ መስታወቱን እቅፍ አደረገ።